ቶማስ ግራሃም፤ ለ"ጄል" ስም ያወጣለት ስኮትላንዳዊ

ሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ የተማረ ሰው "የግራሃም ሕግ" የሚባለውን አይረሳውም። ቀላል ጋዝ ከከባድ ጋዝ ይልቅ ፈጥኖ እንደሚሰራጭ የሚናገረው ሕግ ነው። ፎርሙላውን ሸምድዶ፣ ፈተናውን አልፎ፣ ደብተሩን የዘጋ ብዙ ነው። ግራሃም ማን እንደነበር፣ ምን ዓይነት ኑሮ እንደኖረ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ሰውዬው ከአንድ ሕግ በላይ ትቶልን ሄዷል። የኩላሊት ሕመምተኛ በየሳምንቱ የሚመላለስበት ዲያሊስስ (በተለምዶ የኩላሊት እጥበት የምንለው) ስሙንም ዘዴውንም ያገኘው ከእርሱ ላቦራቶሪ ነው። ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ፋርማሲ ውስጥ፣ የሕፃናት ዳይፐር ውስጥ ሳይቀር የምናገኘውን "ጄል" በዚህ ስም የጠራውም እርሱ ነው። ዛሬ ከባህር አረም፣ ከእንጨትና ከሽሪምፕ ቅርፊት አካባቢን የማይበክል ጄል ለመሥራት የሚደክሙ ተመራማሪዎችም ነገሩን ከሥሩ ሲያነሱ የሚጀምሩት ከእርሱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የአባት ምኞት፣ የልጅ ምርጫ

ቶማስ ግራሃም የተወለደው በታህሳስ 1805 በስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ ነው። ግላስጎው በዚያን ጊዜ የጥጥ ፋብሪካዎች እንደ አሸን የሚፈሉባት ከተማ ነበረች። አባቱ ጄምስ ግራሃም የጨርቃ ጨርቅ አምራችና ነጋዴ ሲሆኑ፣ ቤተሰቡም የሚበላ የሚጠጣ አላጣም። አባትየው ለልጃቸው አንድ ምኞት ነበራቸው። ቶማስ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እንዲሆንላቸው ይፈልጉ ነበር።

ቶማስ በ14 ዓመቱ ገደማ፣ በ1819፣ ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያ ግን ቶማስ ቶምሰን የሚባሉ የኬሚስትሪ መምህር አገኘ። ቶምሰን ተማሪዎቻቸው በገዛ እጃቸው እንዲሞክሩ ዕድል የሚሰጡ፣ በዘመኑ ስማቸው የገነነ ሰው ነበሩ። ልጁ በኬሚስትሪ ፍቅር ወደቀ። ዲግሪውን ይዞ ወደ ኤዲንብራ ሲሻገርም ልቡ ያለው ከነገረ መለኮቱ ሳይሆን ከብልቃጡ ጋር ነበር።

ነገሩ አባትየው ጆሮ ሲደርስ ቤቱ ታመሰ። አባት ተቆጡ፤ ልጁን ይረዱበት የነበረውንም ገንዘብ አቋረጡ። ከሀብታም ቤት የወጣው ወጣት በአንድ ጊዜ ባዶ እጁን ቀረ። ያን ክፉ ጊዜ ያሳለፉት እናቱና እህቱ ማርጋሬት ናቸው። ካላቸው እየቀነሱ ደገፉት፤ በደብዳቤም አበረቱት። ግራሃም ኤዲንብራ ሳለ በጽሑፍ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ስድስት ፓውንድ ገደማ አገኘ። የዳቦ ችግር ያለበት ወጣት ይህን ገንዘብ ምን እንዳደረገው ሲነገር ይኖራል። ለእናቱና ለእህቱ ስጦታ ገዛበት።

ወደ ግላስጎው ተመልሶ ሒሳብና ኬሚስትሪ በግል ማስተማር ያዘ። በ1830 አንደርሰን ዩኒቨርሲቲ በሚባለው፣ ሠራተኞችን ጭምር በሚያስተምር ተቋም፣ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። ይህ ተቋም ከጊዜ በኋላ የስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ነው። የሹመቱ ዜና ሲመጣ እናቱ በሞት አልጋ ላይ ነበሩ። የልጃቸውን ወግ ማዕረግ ሰምተው አረፉ።

በጂፕሰም የተደፈነ ቱቦ

ግራሃም በዓለም ፊት ስሙን ያስጠራው በጣም ርካሽ በሆነ መሣሪያ ነው። አንድ የመስታወት ቱቦ ወስዶ አንደኛውን ጫፍ በጂፕሰም (ጀሶ) ደፈነው። ጂፕሰሙ ሲደርቅ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ይኖሩታል። ቱቦውን በጋዝ ሞልቶ ሌላኛውን ጫፍ ውሃ ላይ ሲያቆመው ጋዙ በቀዳዳዎቹ ይወጣል፤ የውጭው አየርም ይገባል። ውሃው ምን ያህል ከፍና ዝቅ እንዳለ በማየት የቱ ጋዝ ምን ያህል እንደፈጠነ ይለካል።

ከእርሱ በፊት ጀርመናዊው ዶበራይነር ሃይድሮጂን ከተሰነጠቀ ብርጭቆ ቶሎ ሲያመልጥ ተመልክቶ ነበር። ግራሃም ግን ነገሩን በቁጥር አሰረው። የጋዝ ፍጥነት ከክብደቱ ስኩዌር ሩት ጋር በተቃራኒው እንደሚሄድ አሳየ። ኦክስጅን ከሃይድሮጂን 16 ጊዜ ይከብዳል፤ ስለዚህ ሃይድሮጂኑ በአራት እጥፍ ይፈጥናል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ አሜሪካኖች ኦክ ሪጅ ላይ ቀላሉን ዩራኒየም ከከባዱ ለመለየት ከተጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ በዚሁ ሕግ ላይ የቆመ ነበር። ጀሶና ቱቦ ይዞ የተቀመጠው መምህር ይህን በሕልሙም አላየውም።

በአንደርሰን ከግራሃም ክፍል የወጡ ሰዎች ታሪክም ራሱን የቻለ ነው። ረዳቱ የነበረው ጄምስ ያንግ ከድንጋይ ከሰል የፓራፊን ዘይት አውጥቶ ከበርቴ ሆነ። በአፍሪካ ጉዞው የምናውቀው ዴቪድ ሊቪንግስተንም ሕክምና ሲማር የግራሃምን የኬሚስትሪ ትምህርት ተከታትሏል። ሊቪንግስተንና ያንግ የተዋወቁት እዚያው ነው፤ በኋላም ያንግ የሊቪንግስተንን ጉዞ በገንዘብ ደግፏል።

ለንደን፣ ቡናና ሳንቲም

በ1837 ግራሃም ወደ ለንደን ተዛወረ። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆኖ እስከ 1855 አስተማረ። በ1841 የለንደን ኬሚካል ሶሳይቲ ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እርሱ ነበር። የጻፈው የኬሚስትሪ መማሪያ መጽሐፍም ከእንግሊዝ አልፎ በጀርመን ተነቧል።

መንግሥት የሚያስቸግር ነገር ሲገጥመው ግራሃምን ይጠራል። የከተማውን የመጠጥ ውሃ መርምሯል። ለእኛ የሚቀርበው ግን የቡናው ጉዳይ ነው። በ1850ዎቹ የለንደን ነጋዴዎች የተፈጨ ቡና ውስጥ ቺኮሪ የሚባል ሥር ቆልተው ይቀላቅሉ ነበር። ግራሃም ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ማጭበርበሩን ማጋለጫ ዘዴ አቀረበ። የቺኮሪ ውህ ከቡና ውህ ይልቅ ወፍራም ነው፤ ስለዚህ የተፈላውን ፈሳሽ እፍጋት መለካት ብቻውን ብዙ ይናገራል።

በ1855 የእንግሊዝ ገንዘብ ማተሚያ ቤት ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ይህ ከእርሱ በፊት አይዛክ ኒውተን የያዘው ወንበር ነው። ሥራው የክብር ብቻ አልነበረም። ግራሃም ቀን ከሌት ሠራበት፤ በ1860 እንግሊዝ የመዳብ ሳንቲሞቿን በነሐስ የለወጠችው በእርሱ ዘመን ነው። በዚህ የተነሳ ለጥቂት ዓመታት ምርምሩ ተቀዛቀዘ። ብዙዎች የግራሃም ሳይንስ በዚሁ አበቃ ብለው ቢያስቡ አይፈረድባቸውም። ዕድሜውም ሃምሳን ተሻግሯል። ትልቁ ሥራው ግን ገና አልመጣም ነበር።

ሙጫና ስኳር

በ1861 ግራሃም አንድ ጥያቄ ይዞ ተመለሰ። ጋዞች በተለያየ ፍጥነት የሚሰራጩ ከሆነ፣ ውሃ ውስጥ የሟሙ ነገሮችስ?

መሣሪያው እንደገና ቀላል ነበር። ክብ ቀለበት ወስዶ በአሲድ የጠነከረ፣ ብራና የመሰለ ወረቀት ወጠረበት። ሲታይ ወንፊት ይመስላል። ይህን ውሃ ላይ አንሳፈፈው። ውስጡ ደግሞ ስኳርና የግራር ሙጫ የተቀላቀለበት ውሃ ጨመረበት። ከቆይታ በኋላ ስኳሩ በወረቀቱ አልፎ ወደ ታችኛው ውሃ ወርዷል። ሙጫው ግን በነበረበት ቀርቷል።

ብዙ ነገሮችን በዚህ ወንፊት አሳለፈ። ጨው፣ ስኳር፣ አልኮል ያልፋሉ። ስታርች፣ ሙጫ፣ ጄላቲን፣ የእንቁላል ነጭ አያልፉም። የሚያልፉትን "ክሪስታሎይድ"፣ የማያልፉትን "ኮሎይድ" አላቸው። ሁለተኛው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን ሙጫ ማለት ነው። ከሱቅ የምንገዛውን ማጣበቂያ እኛ "ኮላ" የምንለው ከጣሊያኖች ወስደን ነው፤ ጣሊያኖቹም ያገኙት ከዚያው ግሪክ ነው። የሰፈራችን ኮላና የግራሃም ኮሎይድ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው ማለት ነው።

የማጣሪያውን ዘዴ "ዲያሊስስ" ብሎ ሰየመው። ጥቅሙንም ወዲያው አየ። ሰው በአርሴኒክ ተመርዞ ሲሞት መርማሪዎች መርዙን ከሆድ ዕቃው ወይም ከጠጣው ወተት ለይቶ ማውጣት ይቸግራቸው ነበር። ግራሃም መርዙ በወረቀቱ ሲያልፍ የተቀረው እንደሚቀር አሳየ። ዩሪያ የሚባለውንም የሽንት ቆሻሻ በዚሁ መንገድ ለየ።

ውሃን አስሮ የሚይዝ ነገር

የግራሃም ቀጣይ ጥያቄ ስለ እርጎ መሰል ነገሮች ነበር። ጄላቲን በሙቅ ውሃ ይሟሟል፤ ሲበርድ ይረጋል። ከመቶ እጁ ዘጠና ሰባት፣ ዘጠና ስምንቱ ውሃ ሆኖ ሳለ አይፈስም። ይህ ፈሳሽ ነው ወይስ ጠጣር?

እኛ ይህን ከወጥ ቤት እናውቀዋለን። የቡላ ገንፎ ሲበርድ እንዴት እንደሚረጋ አይተናል። ተልባ ውሃ ውስጥ ሲያድር ይዝለገለጋል፤ የተዘፈዘፈ አብሽም እንዲሁ። በሁሉም ውስጥ ያለው ነገር ተፈጥሮ የሠራችው ረጅም ሰንሰለት፣ ሳይንቲስቶች ፖሊመር የሚሉት ነው። ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ሲጠላለፉ መረብ ይሠራሉ፤ ውሃው በመረቡ ቀዳዳ ውስጥ ይታሰራል።

ግራሃም መረቡን ማየት ባይችልም ፈተነው። ከባህር አረም በተገኘ፣ ዛሬ አጋር በምንለው እርጎ መሰል ነገር ውስጥ ጨው ጨመረና ከላዩ ጨው የሌለበት ሌላ እርጎ ደረበበት። ከቀናት በኋላ ቆራርጦ ሲለካው ጨው በረጋው ነገር ውስጥ የተጓዘው በንጹህ ውሃ ውስጥ እንደሚጓዘው ያህል ነበር ማለት ይቻላል። ኮሎይዶች ግን በዚያ መረብ ውስጥ ማለፍ አልቻሉም። ውጪውን ስናየው ጠጣር ነው፤ ውስጡ ግን መንገዱ ክፍት ነው፣ ለትንንሾቹ ብቻ። ዛሬ መድኃኒት ቀስ እያለ እንዲለቅ ተደርጎ ጄል ውስጥ ሲቀመጥ የሚሠራው በዚሁ ባሕርይ ነው።

በ1864 ባሳተመው ጥናት ለፈሳሹ "ሶል"፣ ለረጋው "ጄል" የሚል ስም አወጣ። ውሃ የያዘውን "ሃይድሮጄል"፣ አልኮል የያዘውን "አልኮጄል" አለው። እርጎ ሲሰነብት ውሃው ላዩ ላይ እንደሚወጣ ሁሉ ጄል በጊዜ ብዛት ተሰብስቦ ውሃውን እንደሚተፋም ልብ ብሎ፣ ለዚህም ስም ሰጠው። እነዚህ ቃላት እስከ ዛሬ ሳይለወጡ በየላቦራቶሪው ይነገራሉ።

የታላቅ ሰው ስህተት

ግራሃም ሁሉን አላወቀም። ኮሎይድና ክሪስታሎይድን ሁለት የተለያዩ የቁስ ዓለማት አድርጎ ነበር የሚያያቸው። በኋላ እንደታወቀው ልዩነቱ በዋናነት የመጠን ነው። ከእንቁላል ነጭ የሚገኘው ፕሮቲንም በሚገባ ከተያዘ ክሪስታል ይሠራል።

የዚህ አመለካከት ጥላ ረጅም ነበር። ብዙ ኬሚስቶች ሙጫ፣ ጎማና ስታርች የትንንሽ ሞለኪውሎች ክምችት እንጂ ሌላ አይደሉም ብለው ለአሥርት ዓመታት ቆዩ። ጀርመናዊው ሄርማን ሽታውዲንገር በ1920 እነዚህ ነገሮች እጅግ ረጃጅም ሞለኪውሎች ናቸው ብሎ ሲነሳ ታላላቆቹ አልተቀበሉትም። በ1953 ግን የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ሰንሰለቱ ሲታወቅ የግራሃም ጄል ለምን ውሃ እንደሚይዝም አብሮ ተፈታ።

ከወረቀት ወንፊት ወደ ሆስፒታል

ግራሃም ዲያሊስስን በሰው ላይ አልሞከረም። ዘዴው ሕሙማን ጋ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ፈጅቷል። በ1913 በአሜሪካ በእንስሳት ላይ ተሞከረ። በ1924 ጀርመናዊው ጌዎርግ ሃስ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ሞከረው። በ1943 ደግሞ በናዚ በተያዘችው ሆላንድ ቪለም ኮልፍ የሚባል ወጣት ሐኪም ለቋሊማ መጠቅለያ የሚሆን የሴሎፎን ቱቦ በሚሽከረከር በርሜል ላይ ጠምጥሞ የመጀመሪያውን አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ሠራሽ ኩላሊት ሠራ። ሴሎፎን ከእንጨት ሴሉሎስ የሚሠራ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን አብዛኞቹ አልተረፉም። በ1945 ግን አንዲት የ67 ዓመት ሴት ከሞት አፋፍ ተመለሱ።

ዘዴው ያኔም ዛሬም አንድ ነው። ደም በቀጭን ግድግዳ በአንድ ወገን፣ የተመጠነ ፈሳሽ በሌላ ወገን ያልፋል። ዩሪያን የመሰሉ ትናንሽ ቆሻሻዎች ግድግዳውን አልፈው ይወጣሉ። የደም ሴሎችና ፕሮቲኖች ስለማያልፉ ይቀራሉ። ስኳሩ ያለፈበት፣ ሙጫው የቀረበት የ1861 ወንፊት ማለት ነው። በአገራችን በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ለእጥበት የሚመላለሱ፣ ለዚሁ ሲሉ ጥሪታቸውን የሚሸጡ ቤተሰቦች ያሉበትን ጭንቅ ለሚያውቅ ሰው የዚህ ወንፊት ትርጉም ግልጽ ነው። የጎደለው ዕውቀቱ አይደለም፤ ዕውቀቱ ወደ ሁሉም ሰው በአቅሙ መድረሱ ነው።

ወደ ሙጫ መመለስ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ዓለም ከተፈጥሮ ሙጫ ወደ ነዳጅ ዘይት ዞረ። የዳይፐሩ ውስጥ ዱቄት፣ ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ውሃ የሚጠጣው፣ በአብዛኛው የሚሠራው ከነዳጅ ከሚገኝ አክሪሌት ነው። ጥሩ ይሠራል። ችግሩ ከተጣለ በኋላ በቀላሉ አለመበስበሱ ነው።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ግራሃም ወደያዛቸው ነገሮች እየተመለሱ ነው። የእርሻ ተረፈ ምርት ውስጥ ያለ ሴሉሎስ፣ ከሽሪምፕና ከክራብ ቅርፊት የሚወጣ ካይቶሳን፣ ከባህር አረም የሚገኙ አልጂኔትና አጋር፣ ስታርች ሁሉ ጄል ይሆናሉ። ከአልጂኔት የተሠራ የቁስል መሸፈኛ ለረጅም ጊዜ በሆስፒታሎች ሲያገለግል ቆይቷል። በደረቅ አካባቢ አፈር ውስጥ ተቀላቅሎ ዝናቡን እያቆየ ለሥር የሚያጠጣ ጄልም ይሞከራል።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አይደለም። የተፈጥሮ ጄል ብዙ ጊዜ በጥንካሬ ይደክማል። ባሕርዩ እንደ አዝመራው ይለያያል። መበስበሱ ራሱ ሳይፈለግ ሊመጣ ይችላል። የሚበላ ስታርች ለዳይፐር ሲውል ደግሞ ከገበታ ጋር ይጋፋል። ለዚህ ነው ትኩረቱ ወደሚጣለው ተረፈ ነገር የሆነው።

የግራር ሙጫም ቢሆን ብቻውን እንደ ጄላቲን አይረጋም። ያወፍራል፣ ያጣብቃል፣ የተቀላቀለው እንዳይለያይ ይይዛል። ከምርቱ ትልቁን ድርሻ የምትይዘው ሱዳን ስትሆን፣ ኢትዮጵያም ከቆላማ አካባቢዎቿ ከዕጣንና ከከርቤ ጋር ሙጫ ለውጭ ገበያ ታቀርባለች። ዛፉ ቆሞ ሙጫው የሚሰበሰብ መሆኑ ለአርብቶ አደሩ ገቢ፣ ለመሬቱም ጥላ ነው። ግራሩ ለከሰል ከተቆረጠ ግን ሁለቱም ይቀራሉ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ግራሃም እስከ መጨረሻው ሠርቷል። በ1860ዎቹ ማብቂያ ላይ ፓላዲየም የሚባለው ብረት ከራሱ ይዘት ከ600 እጥፍ በላይ ሃይድሮጂን እንደሚጠጣ አሳየ። ሃይድሮጂንን ለነዳጅነት ለማከማቸት የሚደረገው ጥረት ሲወሳ ይህ ሥራው አብሮ ይነሳል። በ1862 የሮያል ሶሳይቲን ታላቅ ሽልማት፣ የኮፕሊ ሜዳልያን ተቀብሏል። ትዳር አልመሠረተም፤ ልጅም አልወለደም። የሚያውቁት እንደሚሉት ቁጥብ፣ ሲናገር የሚያመነታ፣ ሲለካ ግን የማያመነታ ሰው ነበር።

መስከረም 16 ቀን 1869 ለንደን ውስጥ በ63 ዓመቱ አረፈ። አስከሬኑ ወደ ተወለደባት ግላስጎው ተወስዶ በካቴድራሉ ተቀበረ። የገንዘብ ማተሚያ ቤቱ ኃላፊነት በቀጣዩ ዓመት ከገንዘብ ሚኒስትሩ ሥልጣን ጋር ተጠቃለለ፤ ከእርሱ በኋላ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሳይንቲስት የለም።

በ1872 በግላስጎው ጆርጅ አደባባይ ሐውልት ቆመለት። ወጪውን የሸፈነው የቀድሞ ረዳቱ ጄምስ ያንግ ነው። አባቱ ካህን እንዲሆን የፈለጉት፣ እናቱና እህቱ ከጉርሳቸው ቀንሰው ያስተማሩት ያ ልጅ በነሐስ ተቀርጾ በከተማው መሐል ተቀመጠ። እርሱ ስም ያወጣላቸው ሁለት ነገሮች ግን ከነሐሱ ይልቅ ለሰው ቀርበዋል። አንደኛው በየቤቱ መደርደሪያ ላይ ነው። ሁለተኛው በየሆስፒታሉ ደም እያጣራ ሰው ያኖራል።